የዩኤስቢ ሞደምና የባስ ድራይቨሩ ታሪክ

ባለ ብዙ ተግባር የዩኤስቢ መሣሪያ በአንድ መሰኪያ ገብቶ፣ አንድ አድራሻ ብቻ ይዞ፣ የበርካታ ዕቃዎችን ሥራ ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው ይህን ዓይነት መሣሪያ የተዋወቀው በኢንተርኔት ሞደም አማካይነት ነው። በሞደሙ ውስጥ የዳታ መስመር፣ የትእዛዝ መስመር፣ ሲዲ ድራይቭ የሚመስል ማከማቻና ብዙ ጊዜም የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ አሉ። እነዚህን ለያይቶ ለኮምፒውተሩ የሚያስተዋውቀው ፕሮግራም የባስ ድራይቨር ይባላል።

የዩኤስቢ የመጀመሪያው መመዘኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ነው። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ አይቢኤም፣ ኮምፓክ፣ ኤንኢሲና ሌሎችም ተባብረው አዘጋጁት። መመዘኛው አንድ መሣሪያ በርካታ «ኢንተርፌስ» እንዲኖረው ፈቀደ፤ ሁለትና ሦስት ኢንተርፌስ ተጣምረው አንድ ተግባር ሲሠሩ ጥምረቱ የሚገለጽበትን መንገድ ግን በግልጽ አላስቀመጠም። ክፍተቱ የተሞላው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ተጨማሪ ድንጋጌ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ድንጋጌውን መረዳት የቻለው በሁለተኛው ሰርቪስ ፓክ ነው። መፍትሔው እስኪደርስ ኢንተርፌሶቹን በራሱ መንገድ ያጣመረ አምራች የራሱን የባስ ድራይቨር ከመጻፍ ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ድራይቨሩ የመሣሪያውን መግለጫ ያነባል፣ ኢንተርፌሶቹን በየተግባራቸው ይመድባል፣ ለእያንዳንዱ ተግባር «ልጅ» መሣሪያ ፈጥሮ መለያ ይሰጠዋል፤ ዊንዶውስም በመለያው ተመርቶ ተገቢውን ድራይቨር ይፈልጋል። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጆቹ በአንድ አካል ውስጥ ስለሚኖሩ ካርድ ማንበቢያው ሥራ ፈቶ ቢተኛም ሞደሙ ዳታ እያስተላለፈ ከሆነ መሣሪያው በሙሉ ሊተኛ አይገባም። አንዱ ተበላሽቶ ዳግም ማስነሳት ሲያስፈልግ ሁሉም አብረው ይቋረጣሉ። ተጠቃሚው ሞደሙን ድንገት ሲነቅለውም ድራይቨሩ በሂደት ላይ ያሉትን ጥያቄዎች ሁሉ በሥርዓት ካልዘጋ ሰማያዊው የስህተት ስክሪን ይመጣል።

የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ከተፈራረመ በኋላ የገመድ አልባ አገልግሎት ከአዲስ አበባ ውጭ መስፋፋት ጀመረ፤ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ሥራው ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ተላለፈ። በምዕራብ ሐረርጌ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) በአዲስ አበባና ሐረር ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። የዚያው ዞን የቦኬ ወረዳ ግን ከዚህ መንገድ በስተደቡብ፣ ከጨርጨር ተራሮች ወዲያ ነው። የስልክ ገመድ በቀላሉ በማይዘረጋበት እንዲህ ባለ ምድር የዩኤስቢ ሞደም ትልቅ ጥቅም ነበረው። ሆኖም ኢንተርኔት የሚያስገባውን ዕቃ ለማስነሳት ድራይቨሩን ከራሱ ከኢንተርኔት ማውረድ የሚያስፈልግ ከሆነ ሞደሙ ምን ይፈይዳል?

አምራቾቹ ለዚህ ያገኙት መላ ብልህ ነበር። ሞደሙ መጀመሪያ ሲሰካ ሲዲ ሆኖ ይታያል፤ ድራይቨሩ እዚያው ውስጥ አለ። ድራይቨሩ ከተጫነ በኋላ ትእዛዝ ተልኮለት ሲዲው ይሰወርና መሣሪያው በአዲስ መለያ ሞደም ሆኖ ይመለሳል። ሁዋዌ በዚህ መንገድ ያቀረበው የባስ ድራይቨር በዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር ላይ በስሙ ይታይ ነበር። መላው ግን ለዊንዶውስ ብቻ የታሰበ ስለነበር የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ሞደሙ ሲዲ ሆኖ ይቀርባቸው ጀመር፤ ጆሱዋ ዲትዘ የጻፈው «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ችግሩን አቃለለ። ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ቪስታ ያልተፈረመበትን የከርነል ድራይቨር ባለመቀበሉ ሞደሙ የያዘው አሮጌ ድራይቨር በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የማይሠራበት ጊዜም ነበር።

ዘላቂው መፍትሔ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 የወጣው ኤምቢአይኤም የተባለው የጋራ መመዘኛ ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ዊንዶውስ 8 ለዚህ የሚሆን ድራይቨር ይዞ መጣ፤ መመዘኛውን የተከተለ ሞደምም ከአምራቹ ምንም ሳይጫን የሚሠራ ሆነ። ከዚያ በፊት ከተሠሩት ሞደሞች ብዙዎቹ ግን በዊንዶውስ ላይ ዛሬም የአምራቻቸውን ድራይቨር ይጠይቃሉ።