በአሮጌ ዓመት ላይ አዲስ ዓመት

የሳንቲም ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሳው ያሳተመውን መንግሥት እንጂ አኃዙን የቀረጸውን ሠራተኛ አይደለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1794 ጀምሮ በፊላደልፊያ በተመቱት የአሜሪካ ብር ሳንቲሞች ላይ የሠራተኛው እጅ ዛሬም ይነበባል። ኮከቡም፣ ፊደሉም፣ አኃዙም በየመምቻው ብረት ላይ አንድ በአንድ በእጅ ይሰፍር ነበርና፣ መምቻዎቹ የሚለዩት በእነዚሁ መቀራረብና ማዘንበል ነው። አረብ ብረት ውድ ስለ ነበር ያላረጀ መምቻ ዓመቱ ቢያልፍም አይጣልም፤ በአሮጌው አኃዝ ላይ አዲሱ ይቀረጽበታል። 1815 በሚሉት ግማሽ ዶላሮች ሁሉ ከ5 ሥር አሮጌው 2 አለ። ከ1806ቶቹ መካከል ደግሞ 6 ተገልብጦ ከሰፈረ በኋላ የታረመበት ይገኛል፤ ሰውየውን ከፊርማ ይልቅ የሚያሳየን ይህ ስሕተት ነው። አሮጌው ዓመት ሳይታረም የቀረበትም ጊዜ አለ፤ በ1804 የተመዘገቡት 19,570 የብር ዶላሮች የያዙት የቀደሙ ዓመታትን ነው።