ሁለቱ ስድስት ጎራሾች

በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ወንዝ ዳር፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚራራቁ ሁለት ከተሞች አሉ፤ ሃርትፎርድና ስፕሪንግፊልድ። የመጀመሪያው የኮልት፣ ሁለተኛው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን አገር ነው። የፖሊሱን ወገብ ማን ያስታጥቅ በሚል ሁለቱ ጎረቤታሞች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተፎካክረዋል።

ቀድሞ የቀናው ኮልት ነበር። ቴዎዶር ሩዝቬልት ገና ፕሬዚዳንት ሳይሆን፣ የኒው ዮርክ ፖሊስ ኃላፊ ሳለ፣ በ1896 እ.ኤ.አ. የኮልትን «ኒው ፖሊስ» የመሥሪያ ቤቱ መደበኛ ሽጉጥ አደረገው። ስሚዝ በ1899 «ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ»ን ይዞ መጣ። ኮልትም በ1927 «አርሚ ስፔሻል» ይባል የነበረውን ሽጉጡን «ኦፊሻል ፖሊስ» ሲል ሰየመው። ስያሜው ራሱ የገበያ ብልሃት ነው።

ከሩቅ ላያቸው መንትዮች ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው እጅ ሲገቡ ነው። ጥይት የሚጎርሰውን ከበሮ ለመክፈት የኮልትን መቀርቀሪያ ወደ ኋላ ይስባሉ፣ የስሚዝን ወደ ፊት ይገፋሉ። አንዱን የለመደ አውራ ጣት ሌላው ላይ ይደናበራል። የኮልት ከበሮ ወደ ቀኝ ስለሚዞር በዞረ ቁጥር ራሱን ወደ ሽጉጡ አካል ያስጠጋል። የስሚዝ ወደ ግራ ነው፤ ስለዚህ ከ1902 ጀምሮ ከአፈሙዙ ሥር ተጨማሪ መያዣ ተሠራለት። የኮልትን ምላጭ እስከ መጨረሻው ስበው ከበሮውን ቢነቀንቁት ፍንክች አይልም፤ የተበየደ ይመስላል።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ከበሮውን የምትገፋው ትንሽ ጥፍር ስትበላ፣ የጥይቱ ጉድጓድና አፈሙዙ መገጣጠማቸው ይዛባል። ማስተካከያው ሞረድና የለመደ እጅ ነው። ፖሊስ ደግሞ የሚፈልገው ቶሎ ተጠግኖ የሚመለስለትን ሽጉጥ ነው። ኮልት ኦፊሻል ፖሊስን በ1969 አቆመ። ተፎካካሪው «ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ» ግን በ1957 «ሞዴል 10» ተብሎ ቀጠለ፤ ከስድስት ሚሊዮን በላይም ተመርቷል።

ሰብሳቢ ግን የሚፈርደው በሌላ ሚዛን ነው። መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው፤ በድሮው ስሚዝ እጀታ ግርጌ የተመታው ቁጥር ከበሮው ጀርባና አፈሙዙ ሥር ካለው ጋር መግጠም አለበት። በቁጥሩ ፊት «ቪ» ካለች ሽጉጡ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልጅ ነው። ቀጥሎ ቀለሙ አለ። የፖሊስ ሽጉጥ ከቆዳ ማኅደሩ ሲወጣና ሲገባ የአፈሙዙ ጫፍ ይነጣል። አላዋቂ ይህን አይቶ ያስቀባዋል፤ አዲሱ ቀለም ያብረቀርቃል፣ የተመታው ጽሑፍ ጠርዝ ግን ለቅቡ ሲወለወል ይሟሽሻል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። እኔን ብትጠይቁኝ ጫፉ የነጣ ኮልት ይሻለኛል፤ ጥገናው ቢያስቸግርም።

የኒው ዮርክ ፖሊስ ከ1993 ወዲህ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ዞረ። ስድስት ጎራሻቸውን እንደታጠቁ የቀሩት ጥቂት ነባሮችም በኦገስት 2018 አስረከቡ።