ዓሣን መብላት በብልሃት፦ ላባው ይምጣ፣ ትራውቱ ይቅር

«ዓሣን መብላት በብልሃት ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ የምንለው እሾሁን አስበን ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከመብላቱ በፊት ያለውን፣ አያያዙን ነው። አገር ጭንቅ ላይ ሳለች ስለ ዓሣ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። የጋራ ሀብታችንን እንዴት እንደምንበላ በግልጽ የሚያሳይ ታሪክ ስለሆነ ግን ታገሡኝ።

ከሉማሜ ልጀምር። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከበላይዋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ አለ። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ሌሎች ብዙ ወንዞች ከዚያ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከሉማሜ እስከ ብቸና፣ ከብቸና እስከ ሞጣ ያለው አገር የጮቄ ልጅ ነው።

በዚህ አገር የተከበረው ሞፈርና ቀንበር ነው፤ ዓሣ ማጥመድ እንደ ሙያ አይቆጠርም ነበር። በጣና ዳርቻ በደንገል ታንኳ ሲያጠምዱ የኖሩት ወይጦዎች እንኳ ለአገሩ ዓሣ እያበሉ ከአገሩ ሰው ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ ተነፍጓቸው ኖረዋል። ባልተከበረ ሙያ ላይ ማንም ጊዜውን አያጠፋም። ስለዚህ ወንዝ ዳር ያለ ሰው ዓሣ ሲያምረው አቋራጭ ይፈልጋል። አቋራጩ ብርብራ ነው።

ብርብራ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ ነው። ለቡና ጥላ ይሆናል፤ በዛፍነቱ የሚወቀስበት ነገር የለም። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ግን ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ሰውም በእጁ ይለቅማል። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ሮቴኖን ይባላል። ዓሣው በስንጥቡ የሳበውን ኦክስጅን ሰውነቱ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ትልቅ ትንሽ አይልም፤ እንቁላል የያዘችውን ከሌላው አይለይም። ዓሣው የሚመገባቸውን የውሃ ነፍሳትም አብሮ ይፈጃል። የተለቀመው አንድ ቀን ይበላል፤ ያልተለቀመው ከነዘሩ ይበሰብሳል።

የሚገርመው፣ ይህንኑ መርዝ ሌላው ዓለም የሚጠቀምበት ምክንያት ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 ሮንደጋት በተባለ ወንዝ ውስጥ ከውጭ ገብቶ አገር በቀሉን ዓሣ የጨረሰ ዝርያ ለማጥፋት ሮቴኖን ጨመረች። እነሱ አንድን የወንዝ ክፍል ከዓሣ አጽድተው እንደገና መጀመር ሲፈልጉ የሚያወጡትን መሣሪያ፣ እኛ ለአንድ ቀን ምሳ እናወጣዋለን።

አሁን ወደ ሌላው ብልሃት እንሻገር። በ200 ዓ.ም. ገደማ ኤሊያን የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ ስለ መቄዶንያ ዓሣ አጥማጆች ጽፏል። በወንዛቸው ያለው ዓሣ ውሃ ላይ የምታርፍ ዝንብ ይበላል። ዝንቧ ግን በሰው እጅ ስትያዝ መልኳ ይጠፋል፤ መንጠቆ ላይ ልትሰካ አትችልም። ሰዎቹ ታዲያ መንጠቆው ላይ ቀይ የበግ ጠጉር ጠመጠሙ፤ ከአውራ ዶሮ ጉትያ ሥር የሚበቅሉ ሁለት ላባዎች አሰሩበት። ዓሣው ዝንብ ያገኘ መስሎት ጎረሰ። እ.ኤ.አ. በ1496 እንግሊዝ አገር የታተመ የዓሣ ማጥመድ መጽሐፍ ደግሞ 12 ዓይነት የላባ ዝንቦችን አሠራር ይዘረዝራል።

ቀላሉ የላባ ዝንብ ዛሬም የሚሠራው እንደ ጥንቱ ነው። ትንሽ መንጠቆ ይያዛል። ዘንጉ ላይ ቀጭን ክር ይጠመጠማል፤ ይህ የነፍሳቷ ገላ ነው። ከዚያ አንድ የአንገት ላባ በጫፉ ይታሰርና ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ክሩ ይቋጠራል፤ ትርፉ ይቆረጣል። የላባው ጭራሮዎች ውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ የነፍሳት እግር ይመስላሉ። ሥራው ይኸው ነው፤ የለመደ እጅ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ላባው ደግሞ በደጃችን ነው። ለዓመት በዓል ዶሮ ስንገዛ ቀይ ነው፣ ወሰራ ነው፣ ገብስማ ነው እያልን በቀለሙ እንመርጣለን። ጥቁርና ነጭ የተሰባጠረበት ላባ በዝንብ ሠሪዎች ዘንድ በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ሴቶች ይህንኑ ላባ ፀጉራቸው ላይ ማሰር ፋሽን ሲያደርጉት ዋጋው ሰማይ ነክቶ አጥማጆች ሲያማርሩ ከርመው ነበር። እኛ ዶሮውን ገንፍለን ላባውን ጓሮ እንደፋዋለን።

ይህ ጥበብ አገራችን የገባው ግን ብቻውን አልነበረም፤ ትራውት ከሚባለው ዓሣ ጋር ነው። ትራውት ቀዝቃዛና ፈጣን ወንዝ የሚወድ ዓሣ ነው። እንግሊዞች ቅኝ በያዙበት ሁሉ ለመዝናኛቸው ይዘውት ዞረዋል። እ.ኤ.አ. በ1905 ከስኮትላንድ የመጣ እንቁላል ኬንያ ውስጥ በአበርዴር ተራሮች ወንዞች ላይ ተራባ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ ከኬንያ ወደ ባሌ ተሻገረ። ዌይብን የመሳሰሉ የባሌ ወንዞች ውስጥ እስከ ዛሬ አለ፤ ለማጥመድ የሚሄድ እንግዳም አለ።

«ባሌ ከቻለ ጮቄስ ምን ያንሰዋል?» የሚል ሐሳብ አልፎ አልፎ እሰማለሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ተራራው ከፍ ያለ ነው፤ ቱሪስት ይመጣል ይባላል። እኔ እዚህ ላይ እለያለሁ። ሁለቱ ዋና የትራውት ዝርያዎች፣ ቡናማውም ባለ ቀስተ ደመናውም፣ በዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የባለሙያዎች ቡድን በተዘጋጀው የ100 አጥፊ መጤ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ስማቸው ሰፍሯል። ትራውት ነፍሳት ብቻ አይበላም፤ ሲተልቅ ዓሣም ይበላል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ደግሞስ የራሳችንን ዓሣ መቼ አወቅነው? ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው፣ ተመራማሪዎች ለይተው ሲቆጥሩት 15 ያህል ዝርያ ነው፤ አብዛኛው በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኝም። ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። መረቡ የሚዘረጋው ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት የወንዝ አፍ ላይ ሆነ። ከመረቡ ያመለጠውን ወንዙ ውስጥ ብርብራ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሳይቋጭ ገበያው ግን በየዓመቱ ይደራል።

ለዚህ ነው ላባው ይምጣ፣ ትራውቱ ይቅር የምለው። የነጭ ዓሣ ዘመዶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በላባ ዝንብ ይጠመዳሉ፤ ለእነሱ ሲሉ ከሩቅ የሚጓዙ ሰዎች አሉ። መንጠቆ አንድ ዓሣ ይይዛል። ትንሽ ከሆነ፣ እንቁላል ከያዘ፣ አጥማጁ መንጠቆውን ነቅሎ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ብርብራ የነካውን የሚመልስ የለም።

«በላባ ቤተሰብ ይቀለባል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይቀለብም። ጣና ላይ በመረብ የሚኖረውን ሰው መረብህን ጥለህ ላባ እሰር ማለትም ፌዝ ነው፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ወንዝ አፍ ላይ በመራቢያው ወራት መረብ አለመዘርጋት ነው። እኔ የማወራው ስለ ጮቄ ወንዞች ነው። እዚያ ብርብራ የሚበትነው ብዙውን ጊዜ ዓሣ የዕለት እንጀራው ያልሆነ ሰው ነው። ለእሱ ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆና የዶሮ ላባ ይበቃዋል። ልጆቹ ከብት ሲጠብቁ ሊማሩት ይችላሉ።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወንዝ ዳር አዋጅ የሚያነብ ግን የለም። ጎጃም ውስጥ ዙሪያው ተራቁቶ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ብቻ ቆሞ የሚታየው በዘበኛ ብዛት አይደለም፤ የደብር ዛፍ መቁረጥ ነውር ስለሆነ ነው። ብርብራ ወንዝ ውስጥ መበተንም እንደዚያ ነውር እስኪሆን ድረስ ዓሣው አይተርፍም። ነውሩን የሚያጸኑት ደግሞ ሽማግሌዎችና ካህናት ናቸው። ለመጪው በዓል ዶሮ ስታርዱ የአንገቱን ላባ አትድፉ፤ ለልጆቻችሁ አስቀምጡላቸው።