የሕግ ትምህርትና የመግቢያው ፈተና

ዳኝነት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ችሎታ ምን እንደ ሆነና በምን እንደሚለካ ከታሪክ ተነሥተን በአጭሩ ለማሳየት እንሞክራለን።

በቀድሞው ዘመን በደጋው አገር ባላጋራዎች ከዳኛ ፊት ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ በቃል ይሟገቱ፥ ማር ወይም በቅሎም ይወራረዱ ነበር። ነገር ዐዋቂ የሚባለው የሰማውን በልቡ የሚይዝና ጥያቄውን አሳምሮ የሚያቀርብ ሰው ነበር። በሶማሌም ዘንድ ሔር የሚባለው ሕግ ሳይጻፍ በሽማግሌዎች ልብ ተጠብቆ ኖሯል። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ቃል በትዕግሥት ይሰማሉ፤ ካለፈውም ፍርድ ጋራ አመዛዝነው ያስታርቃሉ። እንግዲህ በሁለቱም ዘንድ መፈተኛው ሸንጎው ራሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተጻፈ ሕግ በዛ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፥ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ። የኋለኛው ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ሲሆን 3,367 ቁጥሮች አሉት። ይህን ሁሉ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ስላስፈለገ በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ።

በአሜሪካ ለሕግ ተማሪዎች ብቻ የተዘጋጀ የመግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ይሰጣል። ሕግ ዐዋቂነትን አይጠይቅም፤ አንብቦ መረዳትንና የክርክርን ጉድለት ማግኘትን ይመዝናል። በአገራችን ግን ዋናው በር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ከትምህርቶቹ ጋራ የማሰብ ችሎታን የሚለካ ክፍልም አለው። በሩ ጠባብ ነው፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ።

ይህ ፈተና ንባብንና ማሰብን ይለካል፤ ማዳመጥን፥ መናገርንና ትዕግሥትን ግን አይለካም። ለእኛ ለቀብሪበያ ልጆች ደግሞ ሌላ ሸክም አለ፤ በቤታችን የምንነጋገረው በሶማልኛ፥ የምንፈተነው በእንግሊዝኛ፥ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ ነው። ሆኖም ሦስቱን ቋንቋ የያዘ የሕግ ሰው፥ ያልተማረች እናት ስለ መሬቷ ወይም ስለ ግመሏ ስትከራከር የተጻፈውን ሕግ በገዛ ቋንቋዋ ሊያስረዳት ይችላል።

ስለዚህ፥ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ለፈተናው መጽሐፍ እናንብብ፤ ለዳኝነቱ ግን ከሽማግሌዎች እግር ሥር ተቀምጠን ማዳመጥን እንማር። የመጀመሪያው በሩን ያስገባናል፤ ሁለተኛው ከገባን በኋላ ለወገናችን እንድንጠቅም ያደርገናል።