የሕንድ ውቅያኖስ መንታ ዋልታ

በ1961 መገባደጃ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ያለማቋረጥ ዘነበ። ኬንያና ሶማሊያ በጎርፍ ተጥለቀለቁ፤ የቪክቶሪያ ሐይቅም ዓመት ሳይሞላ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ አለ። ዛሬ ቢሆን ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ኤልኒኞ ነው ባለ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ያልተለመደ መሞቅ፣ አልነበረም።

መልሱ የተገኘው ቅርብ ካለው ባሕር ነው። በ1999 ተመራማሪው ሳጂ፣ ከቶሺዮ ያማጋታና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር፣ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጣ። የሕንድ ውቅያኖስ የራሱ የሙቀት መዋዠቅ አለው፤ ምዕራቡ ሲሞቅ ምሥራቁ ይቀዘቅዛል፣ ምሥራቁ ሲሞቅ ምዕራቡ ይቀዘቅዛል። ክስተቱን ዳይፖል አሉት።

ዳይፖል በአማርኛ ገና የባለሙያ ቃል ነው። «መንታ ዋልታ» ብንለው ይሻላል። ዋልታን አንባቢ ከጂኦግራፊና ከማግኔት ትምህርት ያውቀዋል፤ መንታ የሚለው ደግሞ አንዱን ጫፍ ያለ ሌላው መረዳት እንደማይቻል ይናገራል። ልኬቱም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፦ በአፍሪካ በኩል ያለው ውሃ ከወትሮው ምን ያህል እንደሞቀ ወይም እንደቀዘቀዘ ይለካል፣ ከሱማትራ ደሴት አጠገብ ያለውም እንዲሁ፤ ከዚያ አንዱ ከሌላው ይቀነሳል። የአውስትራሊያ የሜትሮሎጂ ቢሮ ልዩነቱ ከ0.4 ዲግሪ ሴልሺየስ አልፎ ሲቆይ መንታ ዋልታው ተነሥቷል ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሞቀው ውሃ ስፋት የብዙ አገሮችን ያህላል።

በወትሮው ጊዜ በምድር ወገብ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሞቃቱን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ እየገፋ ያከማቸዋል። ነፋሱ ሲዳከም ወይም ሲገለበጥ በሱማትራና በጃቫ ዳርቻ ቀዝቃዛ ውሃ ከጥልቁ ይወጣል፣ ሙቀቱም ወደ አፍሪካ ይሸሻል። ከሞቀው ባሕር የሚተነው እርጥበት ከፍ ብሎ ደመና ይሆንና በሶማሊያ፣ በኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ ይዘንባል። ተቃራኒው ሲሆን እርጥቡ አየር ኢንዶኔዥያ ላይ ይወጣል፤ በአፍሪካ ቀንድ ላይ የሚወርደው ደረቁ ነው። ክስተቱ ብዙውን ጊዜ በግንቦትና በሰኔ ይጀምራል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል፣ ከዚያ በፍጥነት ይከስማል።

የሳይንስ ጽሑፎች ምዕራቡ የሚሞቅበትን አዎንታዊ፣ ምሥራቁ የሚሞቅበትን አሉታዊ ይላሉ። ለአማርኛ አንባቢ ይህ አሳሳች ነው። አዎንታዊ ሲባል መልካም ነገር ይመስለዋል፤ ቃሉ ግን የሚናገረው ስለ ቀመሩ ምልክት ብቻ ነው። «ሙቅ ምዕራብ» እና «ሙቅ ምሥራቅ» ማለት ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ሙቀቱ የት እንዳለ የሰማ ሰው ዝናቡ ወዴት እንደሚያደላ ራሱ ይገምታል።

የ2019ኙ ሙቅ ምዕራብ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በጥቅምት ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ አለፈ። በሶማሌ ክልል፣ በሶማሊያና በኬንያ ጎርፍ ሰው ገደለ፣ ብዙዎችን አፈናቀለ፤ የለመለመው ምድርም ለበረሃ አንበጣ መራቢያ ሆነ። በዚያው ዓመት አውስትራሊያ በታሪኳ ከተመዘገበው ሁሉ ሞቃቱንና ደረቁን ዓመት አሳለፈች፣ ደኗም ነደደ።

ሙቅ ምሥራቅ ደግሞ በ2021 እና በ2022 መጣ፤ ያውም ፓስፊክ ላይ ላኒና፣ የኤልኒኞ ተቃራኒ የሆነው መቀዝቀዝ፣ ሳይለቅ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በአጎራባች አገሮች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች አለቁ። ሁሉንም በመንታ ዋልታው ላይ መጫን ግን ስሕተት ነው። እርሱ የሚበረታው በመስከረምና በታኅሣሥ መካከል በሚጥለው ዝናብ ላይ ነው፤ ቦረናዎች ሀገያ፣ ሶማሌዎች ደይር በሚሉት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ ላይ ያለው ተጽዕኖ አነስተኛ ነው።

ኤልኒኞ ብዙ ጊዜ ሙቅ ምዕራብን ያስከትላል፤ በ1997 እና በ2023 ሁለቱ አብረው መጥተው ቆላውን አጥለቅልቀዋል። ለኢትዮጵያ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ያው ኤልኒኞ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምቱን ያሳጥራል። በ2015 ክረምቱ ከከሸፈ በኋላ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎት ነበር። ስለዚህ «ዘንድሮ ኤልኒኞ ነው» የሚለው ዜና ለወሎ ገበሬና ለቦረና አርብቶ አደር አንድ ዓይነት መልእክት አይደለም፤ የቦረናው ሰው ስለ ሕንድ ውቅያኖስም ሊነገረው ይገባል።

ለመዘጋጀትም ጊዜ አለ። የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል የመጪዎቹን ወራት ትንበያ ነሐሴ ገደማ ያወጣል፤ በዚያ ወር የውቅያኖሱ አዝማሚያ ብዙውን ጊዜ መታየት ጀምሯል። ትንበያው «ሙቅ ምሥራቅ» ካለ አርብቶ አደሩ ከብቱ ሳይከሳ፣ ገበያውም ሳይወድቅ ጥቂቱን ሸጦ ለቀሪው መኖ መግዛት ይችላል።