ጭድ በጭቃ፣ ሽቦ በአርማታ

በኮላ ድባና በመላው ደንቢያ ቤት ሲሠራ ጭቃ ያለ ጭድ አይመረግም። አፈሩ ከጤፍ ጭድና ከውሃ ጋር በእግር ይረገጣል፤ ጥቂት ቀን ሲቦካ ይሰነብትና እንደ ገና ተረግጦ በእንጨቱ ላይ ይለጠፋል። ጭቃ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ሲኰማተርም ይሰነጠቃል። ጭዱ ግን ስንጥቁን ከግራና ከቀኝ ይዞ እንዳይሰፋ ያግደዋል። ገለባ ለጡብ ማስፈለጉ በኦሪት ዘጸአት ስለ ተጻፈ፣ ጥበቡ ጥንታዊ መሆኑን እንረዳለን።

ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት የጎንደርን ግንብ በድንጋይና በኖራ አሠሩ። ጣሊያኖች ከተማውን በያዙበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም.፣ የሲሚንቶ ቤቶች ተሠሩ። የሲሚንቶ አርማታ ሲጫኑት ብዙ ይችላል፤ ሲስቡት ግን የሚችለው የዚያን አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው። ስለዚህ ወፍራም ብረት በውስጡ ይደረጋል።

በ1955 ዓ.ም. ሮሙአልዲና ባትሰን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ በአርማታ ውስጥ ተቀራርቦ የተቀመጠ ቀጭን ሽቦ የስንጥቅን መስፋፋት እንደሚገታ በጽሑፍ አስረዱ። ከዚያ ወዲህ ተቈራርጦ የተደባለቀ የብረት፣ የመስተዋት ወይም የፕላስቲክ ክር በብዙ አገር ይሠራበታል። ክሩ አርማታው ሸክም የሚችልበትን ኀይል እምብዛም አይጨምርም፤ ነገር ግን ቢሰነጠቅ ባንድ ጊዜ እንዳይፈርስ ያደርገዋል። ከመጠን በላይ ሲበዛ ግን እየተቋጠረ ሥራውን ያበላሻል፤ ጭድም እንዲሁ ልክ አለው።

እንግዲህ ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን ምሕንድስና ለመማር የምንመኝ ሁሉ፣ ጭቃ ረጋጩን አንናቅ። መጽሐፍ የሚያስተምረንን እርሱ በእግሩ ያውቀዋልና።