በመምህር የሚመራ የድረ ገጽ ጉብኝት

በመምህር የሚመራ የድረ ገጽ ጉብኝት መምህሩ አስቀድሞ የመረጣቸውንና በቅደም ተከተል ያስቀመጣቸውን ድረ ገጾች ተማሪዎች በጥያቄ እየተመሩ የሚያነቡበት የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ተማሪው ኢንተርኔት ላይ እንዳሻው ከሚፈልግበት አሠራር የሚለየው መነሻ፣ ማረፊያዎችና መድረሻ ስላለው ነው። ማረፊያው ጽሑፍ፣ ካርታ፣ ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ ሊሆን ይችላል። የዘዴው ዋና ነገር የመምህሩ ምርጫና ጥያቄ በመሆኑ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ትምህርት ቤትም ሊሠራበት ይቻላል።

ታሪክ

ሰነዶችን በዱካ አያይዞ ለሌላ አንባቢ የማስተላለፍ ሐሳብ ከኢንተርኔት ይቀድማል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቫኒቫር ቡሽ በ1945 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ «ሜሜክስ» የተባለ እንዲህ ያለ መሣሪያ በሐሳብ ደረጃ አቅርቦ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. በሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በርኒ ዶጅ ከቶም ማርች ጋር «ዌብኩዌስት» የተባለውን የትምህርት ዘዴ አዘጋጀ። በዚህ ዘዴ ተማሪዎች አንድ ተግባር ይሰጣቸውና አብዛኛውን መረጃ ከተመረጡ ድረ ገጾች ያገኛሉ። ጉግል በ2015 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው «ኤክስፔዲሽንስ» ደግሞ መምህሩ ተማሪዎቹን በምናባዊ ምስል ከቦታ ቦታ የሚመራበት ነበር፤ አገልግሎቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል።

በኢትዮጵያ የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ተሰራጭቷል። ትምህርቱ በአንድ ሰዓት ለመላ አገሪቱ ይተላለፍ ስለነበር መምህሩ ሊያቆመው ወይም ሊመልሰው አይችልም ነበር፤ ፍጥነቱም ብዙ ጊዜ ቅሬታ አስነስቷል። በድረ ገጽ ጉብኝት ግን ፍጥነቱን የሚወስነው መምህሩ ነው።

አዘገጃጀት

መምህሩ በመጀመሪያ ተማሪው በመጨረሻ የሚመልሰውን አንድ ዋና ጥያቄ ይወስናል። ከዚያም ከ4 እስከ 6 የሚሆኑ ገጾችን ይመርጣል፤ ማን እንደጻፋቸውና መቼ እንደወጡ ያጣራል፤ ለእያንዳንዱም አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ያዘጋጃል። መልሱ ከገጹ ላይ በቀጥታ የሚገለበጥ ከሆነ ተማሪው ሳያነብ ሊያልፍ ስለሚችል የሚያነጻጽርና ምክንያት የሚጠይቅ ጥያቄ ይመረጣል። ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ይሠራሉ፤ በመጨረሻም ያገኙትን ለክፍሉ ያቀርባሉ።

ምሳሌ፦ የካፋ ቡና

በካፋ ዞን፣ በጨና ወረዳ በምትገኘው በዋጫ ለሚማሩ ተማሪዎች «ስለ አካባቢያችን ቡና ከተጻፈው የትኛው የተረጋገጠ ነው?» በሚል ጥያቄ የሚከተለውን ጉብኝት ማዘጋጀት ይቻላል።

1ኛ ማረፊያ፦ የሳተላይት ካርታ። ተማሪዎች ዋጫንና ቦንጋን ፈልገው ጫካውን ከእርሻው ይለያሉ።

2ኛ ማረፊያ፦ በ2002 ዓ.ም. (2010 እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ ስለተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ቦታ የሚገልጹ ሁለት ገጾች። ስፋቱን አንዳንድ ገጾች 540 ሺህ ሄክታር ገደማ፣ ሌሎች ደግሞ 760 ሺህ ሄክታር ያደርሱታል። ተማሪዎች ቁጥሩን የሰጠው ማን እንደሆነ ይመረምራሉ።

3ኛ ማረፊያ፦ የቡናው ሳይንሳዊ ስም። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «ኮፊያ አራቢካ» ብሎ ሰየመው። ተክሉ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ሆኖ ሳለ ለምን ዓረባዊ ተባለ? መልሱ አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በየመን በኩል ከመሆኑ ጋር ይያያዛል።

4ኛ ማረፊያ፦ የፍየል እረኛው የካልዲ ታሪክ። ብዙ ገጾች እንደ እውነተኛ ታሪክ ያቀርቡታል። ይሁን እንጂ ናይሮን የተባለ ምሁር በ1671 እ.ኤ.አ. በሮም በላቲን ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ቡናን ስላገኙ እረኞች ቢነገርም ካልዲ የሚል ስም የለም። ተማሪዎች ተረትን ከማስረጃ ይለያሉ።

5ኛ ማረፊያ፦ ከኢንተርኔት ውጭ። ተማሪዎች ወላጆቻቸውንና የጫካ ቡና የሚለቅሙ ገበሬዎችን ስለ ቡናው ዓይነትና በካፊኖኖ ስለሚጠራበት ስም ይጠይቃሉ። የሚቻል ከሆነ በቦንጋ የሚገኘውን ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ይጎበኛሉ።

ያለ ኢንተርኔት መጠቀም

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ መምህሩ ገጾቹን ቀድሞ በፍላሽ ሊያስቀምጥ ወይም ሊያትም ይችላል። «ኪዊክስ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ውክፔዲያን በኮምፒውተርና በስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። አንድ ኮምፒውተርና ፕሮጀክተር ብቻ ካለ ክፍሉ በሙሉ በአንድነት ይጎበኛል። ፕሮጀክተርም ከሌለ የታተሙትን ገጾች በግድግዳ ላይ በቅደም ተከተል ለጥፎ ቡድኖቹን ማዘዋወር ይቻላል።

ገደቦች

ስለ ካፋ በኢንተርኔት ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ መምህሩ በአማርኛ ወይም በካፊኖኖ አጭር ማብራሪያ መጨመር አለበት። ገጾች ይለወጣሉ፣ ይዘጋሉም፤ በመሆኑም ከክፍለ ጊዜው በፊት እንደገና መፈተሽ አለባቸው። ገጽን ቀድቶ ለማሰራጨት የባለቤቱን ፈቃድ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ መንገዱን ሁልጊዜ መምህሩ ከመረጠ ተማሪው ራሱ መፈለግና መምረጥ አይለምድም። ለዚህ መፍትሔው ተማሪዎች ዘዴውን ከለመዱ በኋላ ለታናናሾቻቸው የራሳቸውን ጉብኝት እንዲያዘጋጁ ማድረግ ነው።